ጀርባቸውን የሰጡት ወዳጆች

ወዳጆቼ ሆይ፣ በእኛ ቋንቋ «ጀርባውን ሰጠኝ» ማለት ክፉ አባባል ነው። በችግሬ ቀን ጥሎኝ ሄደ፣ እንዳላየ ሆኖ አለፈኝ ማለት ነው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ለወደቀ ወዳጃቸው ጀርባቸውን ስለሰጡና በዚያም ፍቅራቸውን ስለገለጡ ሰዎች ነው። ታሪኩ የኳስ ታሪክ ነው። ኳስ የማትወዱ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ወደ ራሳችን ቤት መመለሴ አይቀርም።

ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1992 በዴንማርክ፣ ሚድልፋርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የመሐል ሜዳ ተጫዋች ነው። የሚታወቀውም በጉልበቱ ሳይሆን ኳሷን ወዴት እንደሚልካት ከሌሎች ቀድሞ በማየቱ ነው። ገና በ16 ዓመቱ ወደ ሆላንዱ አያክስ ሄደ። በ2010 የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ላይ ከተገኙት ተጫዋቾች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሱ ነበር። ከአያክስ ጋር ሦስት ጊዜ የሆላንድ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ2013 ወደ ቶተንሃም ተዛወረ። በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ማድሪድ ላይ በሊቨርፑል ተሸነፈ። በጥር 2020 ኢንተር ሚላን ወሰደው። መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በተጠባባቂ ወንበር ነበር ያሳለፈው፤ በ2021 ግን ክለቡ ከ11 ዓመት በኋላ የጣሊያንን ሻምፒዮናነት ሲያገኝ እርሱም አብሮ ዋንጫ አነሣ። 29 ዓመቱ ነበር። ሁሉ ነገር የተስተካከለለት ይመስል ነበር።

ከዚያ ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. መጣ። ቅዳሜ ምሽት ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በፓርከን ስታዲየም ዴንማርክ ከፊንላንድ ጋር በአውሮፓ ዋንጫ ትጫወታለች። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኤሪክሰን የእጅ ውርወራ ሊቀበል ወደ መስመሩ ተጠጋ፤ ማንም ሳይነካው በግንባሩ ተደፋ። ልቡ መምታት አቁሞ ነበር።

ዳኛው ወዲያው ሐኪሞቹን ጠራ። አምበሉ ሲሞን ኬር ሮጦ ደረሰ። ሐኪሞቹ ደረቱን ይጫኑ ጀመር፤ ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚቀሰቅሰውንም መሣሪያ ተጠቀሙ። ያን ጊዜ የዴንማርክ ተጫዋቾች አንድ ነገር አደረጉ። ኤሪክሰንን መሐል አድርገው ክብ ሠሩ። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባቸውን ወደ ወዳጃቸው አዞሩ። አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር፤ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ወዳጃቸው በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ የዓለም መመልከቻ እንዳይሆን ሰውነታቸውን መጋረጃ አደረጉለት። ኬርና ግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክል ደግሞ ወደ ሜዳው ወርዳ የነበረችውን የልጆቹን እናት አጽናኑ።

ካሜራዎቹ ግን ቶሎ አልዞሩም። በየአገሩ ብዙ ሰው «ለምን ይህን ታሳያላችሁ?» ብሎ ቅሬታ አሰማ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ በዚያ ምሽት ከጓደኞቼ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ነበርሁ። ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልሁም። በክቡ መካከል ቀዳዳ ባገኝ ብዬ አንገቴን አስግጌ ነበር። ከአፍታ በኋላ ግን አፈርሁ። ምክንያቱም እንደዚያ ሆኜ ሰው ስመለከት ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከእኛ ጋር ኳየር ውስጥ የሚዘምር አንድ ወንድም ወደቀ። ስሙንም፣ የሆነውንም አልነግራችሁም፤ አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁና ይበቃኛል። ነገሩን በአጋጣሚ ነበር ያወቅሁት። ወደ እርሱ ግን አልሄድሁም። ወደ ሌላ ጓደኛዬ ደወልሁና «ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርህ» አልሁት። እርሱም ለሌላ ሰው፣ ለጸሎት ብሎ ነገረው። እሑድ ሲደርስ የማያውቅ አልነበረም። ያ ወንድም የገባው ጉባኤው ዝማሬ ላይ እያለ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው እኔም አየሁት። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ማናችንም አልሰደብነውም። ማናችንም አላባረርነውም። በጸሎት ርዕስ ብቻ ነው ያስወጣነው።

በዘፍጥረት ምዕራፍ ዘጠኝ ያለውን የኖኅን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ጻድቁ ሰው ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ተኛ። ካም አየና ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ገብተው፣ ሳያዩት አባታቸውን ሸፈኑት። ልጅ ሆኜ በሰንበት ትምህርት ቤት ስሰማው ወደ ኋላ መራመዳቸው ያስቀኝ ነበር። የፓርከኑን ክብ ካየሁ በኋላ ግን አያስቀኝም። ካም የተናገረው ውሸት አልነበረም። እኔም የተናገርሁት ውሸት አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን ነገሬን በደንብ ስሙልኝ። መሸፈን ማለት መደበቅ አይደለም። ተጫዋቾቹ ወዳጃቸውን ከሐኪም አልሸሸጉትም። እንዲያውም ክቡ የተሠራው በውስጡ ያሉት ሐኪሞች ሥራቸውን ሳይታወኩ እንዲሠሩ ነው። የወደቀ ወንድም ካለ ሊረዳው የሚችል ሽማግሌ ወይም አማካሪ ይወቅ። ሌላ ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ከሆነማ ለሚመለከተው መናገር ግዴታ ነው፤ ዝምታው ራሱ ኃጢአት ይሆናል። ጥያቄው ይህ ነው፦ የምነግረው ሰው ደረቱን ተጭኖ ሊያድነው የሚችል ነው ወይስ እንደ እኔ አንገቱን አስግጎ የሚያይ?

ኤሪክሰን በሕይወት ተረፈ። ከሜዳ ሲወጣ ነቅቶ ነበር። በደረቱ ውስጥ፣ ልቡ ቢዛባ በራሱ ንዝረት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ገባለት። የጣሊያን ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ተጫዋች እንዲሰለፍ አይፈቅድም፤ ስለዚህ በታኅሣሥ 2021 ከኢንተር ጋር ውሉ ፈረሰ። የሀገሩ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ክለብ አልባ ሆነ። ያን ጊዜ ልጅ ሳለ ያሳደገው አያክስ ከወጣቶቹ ቡድን ጋር ልምምድ እንዲሠራ በሩን ከፈተለት። ቀጥሎ በእንግሊዝ የብሬንትፎርድ አሠልጣኝ የነበረው ዴንማርካዊው ቶማስ ፍራንክ ተቀበለው። ፍራንክ ኤሪክሰንን ከ17 ዓመት በታች ባለው ብሔራዊ ቡድን አሠልጥኖት ያውቃል። ሳይወድቅ በፊት የሚያውቀው ሰው ነበር ማለት ነው።

የካቲት 26 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ከኒውካስል ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ የሁለቱም ክለብ ደጋፊዎች ቆመው አጨበጨቡለት። በሚቀጥለው ወር አምስተርዳም ላይ ለዴንማርክ ገብቶ ገና በጥቂት ደቂቃ ጎል አገባ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ በፓርከን፣ ልቡ በቆመበት በዚያው ሜዳ፣ ሰርቢያ ላይ አገባ። ከዚያ ማንቸስተር ዩናይትድ ወሰደው፤ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫም ስሎቬኒያ ላይ ጎል አስቆጠረ። ያን ሁሉ የተጫወተው መሣሪያው በደረቱ እንዳለ ነው። መመለስ ማለት ምንም እንዳልሆነ መሆን ማለት አይደለም።

እኔም ከዚያ ምሽት ጥቂት ሳምንት በኋላ ያን ወንድም ፈልጌ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «መውደቄን ችዬው ነበር፤ ያልቻልሁት ስታዩኝ ነው» አለኝ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ዛሬም አልፎ አልፎ ተገናኝተን ሻይ እንጠጣለን። ወደ ጉባኤያችን ግን እስካሁን አልተመለሰም። ታሪኬን በምስክርነት ጨርሼ ባስደሰትኋችሁ በወደድሁ፤ ግን ገና አላለቀም፤ እየጸለይሁ ነው። አሁን የምጸልየው ለብቻዬ ነው።

ወዳጆቼ ሆይ፣ አንድ ቀን በእናንተም መካከል ሰው ይወድቃል። ምናልባት በዚህ ሳምንት ስልካችሁ ይጮህና «ሰማችሁ?» የሚል መልእክት ይደርሳችኋል። ያን ጊዜ ሮጡና ወደ ሰውዬው ሂዱ። የሚያድን ሰው ጥሩለት። ከዚያ በአጠገቡ ቁሙና፣ ፊታችሁን ወደሚያየው ሕዝብ አዙራችሁ፣ ለወንድማችሁ ጀርባችሁን ስጡት።

ጌታ ይርዳን።