ባለ አንድ ጎማዋ ለምን ፈላጊ አጣች?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መሪ የላት፣ የፍሬን እጀታ የላት፣ እዚች ላይ ቆማችሁ ሥራ ትሄዳላችሁ? ባለ አንድ ጎማዋን የኤሌክትሪክ መሽከርከሪያ ማለቴ ነው። ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ ትሮጣለች፣ ወደ ኋላ ሲሉ ትቆማለች። ሶሎዊል የተባለችው ብቅ ያለችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ዛሬም ግን ዘርፉ የጥቂት አፍቃሪዎች ነው።

ለንደን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከነሱ አንዱ ሊሆን ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። “ለመልመድ አስቸጋሪ ስለሆነች ነው ሰው የሚሸሻት” ይለኛል። አልዋሸም። ስኩተር ዛሬ ተከራይተው ዛሬውኑ ይነዱታል፤ ይቺ ግን ግድግዳ ተደግፎ መለማመድን ትጠይቃለች። ቢሆንም ብስክሌትስ ቢሆን ሳይወድቅ የለመደ ማን አለ?

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ስኩተር ሞተሩ ቢጠፋ ተንከባሎ ይቆማል። እዚች ላይ ግን የሚያስኬዳችሁም፣ እንዳትወድቁ ሚዛን የሚጠብቅላችሁም ያው አንድ ሞተር ነው። ፍጥነት ሲበዛ፣ ዳገት ሲከብድ ወይም ባትሪ ሲደክም ከአቅሙ በላይ ከተጠየቀ ይከዳችኋል። ከዚያማ በግንባር መደፋት ነው! አዘውታሪዎቹ ሄልሜት፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መከላከያ የሚያጠልቁት ወደው አይደለም። ቢሮ ለመግባት ይሄ ሁሉ ትጥቅ!

ደግሞ የት ሊነዳት ነው? በእንግሊዝ ሕግ በአውራ ጎዳናም ሆነ በእግረኛ መንገድ ክልክል ናት፤ የሚፈቀደው በግል ይዞታ፣ ያውም ባለቤቱ እሺ ሲል ነው። ፖሊስ ካገኛት ሊወስዳት ይችላል። ብስክሌት ግዛ ብለው፣ “እሱማ የሽማግሌ ነው” አለኝ።