ከኋላዬ የተቀመጠችው አማና



ጅማ ላይ ሞተር ያለው ወጣት "ቅዳሜ የት እንውጣ?" የሚል ጓደኛ አያጣም። መልሱም ሩቅ አይደለም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ካልክ ቡና ውስጥ ነህ። ሰቃ አለ፣ የቡ አለ፣ አጋሮ አለ፣ ሊሙ አለ። ሞተሩን ታስነሳለህ፣ አንድ ሰው ከኋላ ትጭናለህ፣ ትሄዳለህ። እኔም ለሦስት ዓመት ያህል የጉዞ ዕቅድ የምለው ይህንኑ ነበር።

ዐምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከሰቃ ስንመለስ ወደቅን። መግሪብን ጅማ ላይ እንድረስበት ብዬ እየቸኮልኩ ነበር። ያካፋል። አንድ ኩርባ ላይ ከማሳ የወረደ ጭቃ አስፋልቱን ሸፍኖታል። ፍሬን ያዝኩ፣ ሞተሩ ከሥራችን ተንሸራተተ። የእኔ መዳፍ ተላጠ። የእሱ እግር ተሰበረ።

የነበረን ሄልሜት አንድ ብቻ ነበር። እሱም እኔ ራስ ላይ ነበር። የእሱ ጭንቅላት የተረፈው በአላህ እዝነት እንጂ በእኔ ጥንቃቄ አይደለም።

ጓደኛዬ አራት ወር ቤት ዋለ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር "ቀደር ነው ወንድሜ፣ አልሃምዱሊላህ" ይለኛል። እኔም "አዎ፣ ቀደር ነው" ብዬ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያ ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰብር ነው። ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ማምለጫ ነው። ምክንያቱም አንድ ያልነገርኩት ነገር ነበር። የኋላው ጎማ አየር እንደጎደለው ያን ቀን ጠዋት አይቻለሁ። "ስንመለስ አስሞላዋለሁ" ብዬ ነው ያለፍኩት።

ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ ለማለት የፈለገው ሰውዬ ምን እንደተባለ ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ እናውቃለን። እኔም አውቅ ነበር። ግን ግመሉን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ጎማው ትዝ አላለኝም።

ዘንድሮ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ታናሽ እህቴ "ጮጬ ውሰደኝ" አለችኝ። ጮጬ በጎማ ወረዳ ከአጋሮ ብዙም የማትርቅ ቦታ ናት። የቡና መገኛ ናት እየተባለ የፍየሎቹና የእረኛው የካልዲ ታሪክ የሚተረክላት እሷ ናት። እህቴ ጅማ ተወልዳ፣ ጅማ አድጋ፣ በቀን ሦስቴ ቡና እየጠጣች ቦታውን አይታ አታውቅም። "በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ ሱፊዮቹ ሌሊት ለዚክር ለመንቃት ይጠጡት የነበረው ቡና ከኛ አገር የተሻገረ ነው። እኛ ደግሞ 45 ኪሎ ሜትር መሄድ አቃተን!" አለች።

እናታችን ከወጥ ቤት ሰማችን። ብቅ አለችና እኔን እያየች "ያን ልጅ በጣልክበት ሞተር ላይ?" አለች።

የምመልሰው አልነበረኝም። በማግስቱ ግን ቁጭ ብዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጉዞ በወረቀት ላይ አቀድኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ትልቅ ነበር። ቅዳሜ አጋሮና ጮጬ ደርሶ መልስ፣ እሁድ ሊሙ ገነት ደርሶ መልስ። ደመርኩት። አጋሮ 90፣ ሊሙ ገነት 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በጠቅላላው 240። ለእኔ ብቻዬን ቢሆን ምንም አይደለም። እህቴ ግን ሞተር ላይ ከገበያ እስከ ቤት ካልሆነ ተቀምጣ አታውቅም። የሚነዳው ሰው መሪ ይዞ፣ መንገዱን እያየ፣ ጉድጓዱን ቀድሞ እያወቀ ነው የሚሄደው። ከኋላ ያለው ሰው ግን ጉድጓዱን የሚያውቀው ወገቡ ሲመታ ነው። ስለዚህ የጉዞው ርዝመት መለካት ያለበት በእሷ ወገብ ነው። ሊሙን ሰረዝኩት።

ሁለተኛው ነገር አቀማመጥና ልብስ ነበር። ይህ በኛ ቤት ቀላል ጥያቄ አይደለም። እናቴ "ሴት ልጅ እግሯን ወደ አንድ ጎን አድርጋ ትቀመጥ፣ ሐያእ ነው" አለች። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ወደ ጎን የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። በጉልበቱ የሚይዘው ነገር የለውም። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወይም ሞተሩ ሲዘል መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። የተንጠለጠለው ዐባያ ደግሞ ካቴናውና የኋላው ጎማ አጠገብ ነው። ጨርቅ እዚያ ከገባ ጎማው ይስበዋል፣ ሰውየውንም አብሮ ይጎትተዋል።

እህቴ ነገሩን በክርክር አልፈታችውም። ገብታ ከዐባያዋ ሥር ሰፊ ሱሪ ለብሳ፣ የተሸፈነ ጫማ አድርጋ ወጣች። ግቢ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ በቆመበት እግሯን ከፍታ ተቀመጠች። የዐባያውን ጫፍ ሰብስባ ከጭኗ ሥር አስገባችው። የኔን ትልቅ ጃኬት ከላይ ደረበች፣ የሒጃቧን ጫፍ ከውስጥ ከትታ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋች። "እማ፣ አሁን ምኔ ይታያል?" አለች።

እናቴ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረች። ቆየችና "ምንም" አለች። ከዚያም ወደ ማርሚታው ጎንበስ ብላ "ይሄ ሲግል እግሯን እንዳያቃጥላት" አለች። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ወፍራም ካልሲ ተጨመረ።

ሦስተኛው ሄልሜት ነው። ሁለተኛ ሄልሜት ገዛሁ። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ሳይሆን ራሷን ልክ የሚይዝ፣ ማሰሪያው አገጭ ሥር የሚጠብቅ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ሄልሜት የሞተረኛን የመሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች በመግደልም ከሁሉም ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው ነው። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት አብዛኞቻችሁ በዚህ ዕድሜ ውስጥ ናችሁ።

አራተኛው ሞተሩ ራሱ። ጎሚስታ ጋ ሄጄ የሁለቱንም ጎማ አየር አስለካሁ። ሰው ሲጫን የኋላው ጎማ ከፍ ያለ አየር ይፈልጋል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ብቻህን ስትነዳ 28 አካባቢ የሆነው፣ ሰው ሲጨመር ወደ 32 ይወጣል። የየራሳችሁን ሞተር መመሪያ እዩ። ካቴናው ተወጠረ፣ ዘይት ጠጣ። ፍሬኑ ታየ። ከኋላ ለተቀመጠው ሰው የሚሆነው የእግር ማሳረፊያ በአንድ ወገን ላልቶ ነበር፣ ጠበቀ። እኔ ብቻዬን ስነዳ ያንን ማሳረፊያ ማን ያየዋል?

ሐሙስ ከሰዓት ለሙከራ ወደ ጅሬን ወጣን። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የአባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፣ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል። ዳገትም ቁልቁለትም አለው። ያኔ ነው ልዩነቱ የገባኝ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ከብዶ የፊቱ ጎማ ይቀልላል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብይዝም እንደለመድኩት ቶሎ አይቆምም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ገደማ ያልፋል። ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ከፍሬን በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እህቴ ከኋላዬ እስካለች ድረስ ከ50 ላላልፍ ወሰንኩ።

እዚያው ጅሬን ላይ ቁጭ ብለን ምልክት ተስማማን። ኩርባ ላይ ከኔ ጋር ትዘነበላለች እንጂ በተቃራኒው አትጎተትም። አንድ ጊዜ ትከሻዬን ከነካች "ቀስ በል" ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከነካች "ቁም" ማለት ነው። "ሁለቴ ከነካሽኝ እቆማለሁ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም" አልኳት። ቃል መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ሰዓት ነበር። ዐምና የጣለኝ ችኮላ ስለሆነ ሶላቶቹን አስቀድሜ በወረቀቱ ላይ አስቀመጥኳቸው። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ዑለማዎች ለቀስር ከሚጠቅሱት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለማይደርስ ሁሉንም በየወቅቱ፣ ሙሉውን ነው የምንሰግደው። ዙህር አጋሮ፣ ዐስር ጅማ። በጨለማ መንዳት የለም። ዝናብ ቢይዘንስ? አጋሮ ያለችው አክስታችን ጋ ደውዬ "ምናልባት እናድር ይሆናል" አልኳት። "ምናልባት ምንድን ነው፣ ኑ እንጂ!" አለች።

ቅዳሜ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቀን ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። እናቴ በር ላይ ቆማ የሄልሜቱን ማሰሪያ በእጇ ፈተሸች፣ ዱዓ አደረገችልን። የቡ ላይ ሻይ ጠጣን፣ እህቴ ወገቧን አፍታታች። ወቅቱ የለቀማ ነው። እሸቱ ቡና ቀልቶ ቅርንጫፉን አጉብጦታል፣ በየደጁ ጀንፈል ተሰጥቷል። ኬሻ የተሸከሙ ለቃሚዎች ከመንገዱ ጠርዝ ድንገት ይወጣሉ። ፎቶ ላይ የሚያምረው ይህ ሁሉ ለሚነዳ ሰው ፍጥነት መቀነሻ ምክንያት ነው።

ጮጬ ደረስን። እህቴ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቆማ ዝም አለች። ብዙ ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዲት እናት ቡና አፍልተው አጠጡን። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ገዛሁ። ዙህርን አጋሮ ሰግደን ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጅማ ተነሳን።

ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ሰማዩ ጠቆረ፣ ጠብ ጠብ አለ። "ትንሽ ናት፣ ታልፋለች" አልኩ በልቤ። ዐስርን ጅማ ብዬ ጽፌያለሁ። ቀድመን እንውጣላት ብዬ ነዳጁን ልጨምር ስል ትከሻዬ ተነካ። አንድ። ሁለት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። "አሁን ምን ሆነሽ ነው?" የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ግን ያ "ትንሽ ናት" የሚለው ድምፅ አዲስ አልነበረም፤ ዐምና ከሰቃ ስመለስም ሰምቼዋለሁ። ቃልም አለብኝ። ከመንገድ ዳር ወደ አንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ገባሁ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲያባራ ከፊታችን ያለው ኩርባ ላይ ቀይ ጭቃ እየወረደ ነበር።

"ወደ አክስቴ እንመለስ" አለች። ተመለስን።

ለእናቴ ስደውል ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ጎበዝ" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እሁድ መንገዱ ሲደርቅ ቀስ ብለን ገባን። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። የጉዞው ታሪክ ይኸው ነው።

እሁድ ማታ ግማሽ ኪሎውን ቡና ይዤ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። አሁን ይራመዳል፣ ትንሽ ያነክሳል። ቡናውን ሰጥቼው "ያን ቀን ጎማው አየር እንደጎደለው ጠዋት አይቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ዐፉ በለኝ" አልኩት።

"አይተህ ነበር?" አለ።

"አይቼ ነበር።"

ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። "ዐፉ ብዬሃለሁ፣ ለአላህ ብዬ። ግን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር" አለ። ልክ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በሱ ሰብር ውስጥ ተደብቄ ኖሬያለሁ።

ልወጣ ስል ጠራኝ። "ሁለተኛው ሄልሜት ለኔ ራስ ይሆናል?"

ወንድሞችና እህቶች፣ ሞተር ይዛችሁ ሰው ከኋላ ስታስቀምጡ ያ ሰው ፍሬን የለውም፣ መሪም የለውም። ያለው እናንተን ማመን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሄልሜት ግዙ፣ ጎማችሁን ጠዋት እዩ፣ ያያችሁትንም አትለፉት። ትከሻችሁን ሲነካችሁ ቁሙ። ሰበቡን ካደረሳችሁ በኋላ የቀረው የአላህ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን የእናንተ ነው።

ዐፉ መባል ያለበት ሰው ካላችሁም ዓመት አትጠብቁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።