ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ማን ነው?

ስታር ትሬክ በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ካፒቴን ከርክ በብርሃን ተበትኖ ሌላ ፕላኔት ላይ ሲገጣጠም ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ እረፍት ይነሳኛል፤ ወዲያ ማዶ የቆመው እሱ ራሱ ነው ወይስ ቅጂው?

ሳይንሱ ጨርሶ ባዶ እጁን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንስብሩክ ውስጥ የአንቶን ዛይሊንገር ቡድን የአንድን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኳንተማዊ ሁኔታ ወደ ሌላ ፎቶን አሸጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቻይናውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ከምድር ወደ ሳተላይት፣ እስከ 1,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ አደረጉት። ግን ልብ በሉ፤ የተሻገረው መረጃ እንጂ ቁስ አይደለም። የመጀመሪያው ፎቶን ሁኔታም በሂደቱ ይጠፋል። ተራ መልእክት አብሮ መላክ ስላለበት ከብርሃንም አይፈጥንም።

የሰው አካል ከቢሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አተሞች አሉት። ያን ሁሉ አንብቦ ሌላ ቦታ መገንባት በእኔ እምነት የማይሆን ነገር ነው። ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለ ማሽን ውስጥ አልገባም። እናንተስ ትገቡበታላችሁ?