ባለቀይ ቆቡ ሰው

ቅዳሜ ቀትር ነው። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። የተማሪዎቹ የሙዚቃ ጓድ በሰልፍ ገብቶ፣ መለከቱን ነፍቶ፣ ከበሮውን መትቶ ወጥቷል። ጨዋታው ተጀምሮ ባለሜዳዎቹ ኳሷን ይዘው ወደ ተጋጣሚያቸው መስመር ሲገሠግሡ ሕዝቡ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ደሙ ይሞቃል፤ ጩኸቱም እንደ ክረምት ደራሽ ውሃ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይጋልባል። ልክ በዚህ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ቀጥ ይላል። የተጎዳ ተጫዋች የለም። ዳኛው ጥፋት አላየም። ዝናብም አልጣለም። ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች እጃቸውን በወገባቸው ላይ አድርገው ሣሩን ያያሉ፤ ዳኞቹ እርስ በርሳቸው ያወጋሉ። በሜዳው ጠርዝ ላይ ግን ቀይ ቆብ ያጠለቀ አንድ ሰው ቆሟል። ሰውየው የቴሌቪዥኑ ወኪል ነው። በየሳሎኑ የሚታየው የመኪና፣ የቢራና የመድን ማስታወቂያ ገና አለማለቁን በጆሮው የሰካው ማዳመጫ ይነግረዋል። እርሱ ገለል እስኪል ድረስ ኳስ አትነሳም።

መድረክን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በዚህ ዓይን ይመልከተው። ተዋናይቱ የልጇን መርዶ የምትሰማበት ትዕይንት ላይ ደርሳ አፏን ስትከፍት፣ አንድ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብሎ እጁን ያነሳል። ተዋናይቱ እንደ ሐውልት ትቆማለች። አዳራሹም ይጠብቃል፤ ከአዳራሹ ውጭ ሆነው ቲያትሩን በመስኮት ለሚያዩ ሰዎች ሳሙና እየተሸጠ ነውና። ይህ በአንድ ምሽት ከአሥር ጊዜ በላይ ቢደጋገም፣ ትኬት ቆርጦ የገባው ታዳሚ በሚቀጥለው ሳምንት ከመስኮቱ ውጭ ካሉት ጋር ቢቆም ማን ይፈርድበታል? የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል የሚለካው በ60 ደቂቃ ሰዓት ነው። ተመልካቹ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ በብረት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

እነሆ ተመልካቹ እየራቀ መሄዱ ከታወቀ ሰንብቷል። በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል ደረጃ አንድን ጨዋታ በአማካይ ወደ 47 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይመለከት ነበር። በ2018 ይኸው አማካይ ከ42 ሺህ በታች ወረደ። ከወረርሽኙ በኋላ ጥቂት ማንሰራራቱ፣ ዛሬም ጢም ብለው የሚሞሉ ስታዲዮሞች መኖራቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በይፋ የሚነገረው ቁጥር ራሱ የሚታመን አይደለም። ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ በ2018 የዩኒቨርሲቲዎችን መዝገብ መርምሮ እንዳስታወቀው፣ በቀደመው ዓመት ውድድር በበር ላይ የተመረመሩት ትኬቶች ከተነገረው የተመልካች ቁጥር 71 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህም ማለት፣ ተቆጥረው ከነበሩት አሥር ሰዎች የሦስቱ ወንበር እንጂ ሰውየው አልመጣም ማለት ነው።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚሰነዘረው መልስ ሰነፍ መልስ ነው፤ ወጣቱ በእጅ ስልኩ ተጠመደ፣ ቴሌቪዥኑ ገዘፈ፣ ሶፋው ለሰለሰ ይባላል። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሶፋ ድሮም ነበር፤ ብርድና ዝናብም ድሮ ነበሩ። ሰው በብርድ ተቀምጦ ሳይበርደው የሚውልበት ምን ነገር ነበረና አሁን ጎደለ ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

የስፖርቱ ታሪክ የሚጀምረው በኅዳር 6 ቀን 1869 ነው። ሩትገርስና ፕሪንስተን የተባሉት ኮሌጆች ተማሪዎች በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ከየወገኑ 25 ሆነው ተጋጠሙ፤ ሩትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። የተመለከታቸው ሰው መቶ ቢሆን ነው፤ እርሱም የተጫዋቾቹ ጓደኛ ነበር። ጨዋታው በኋላ መልኩን ለውጦ፣ ኳሷ ከእግር ይልቅ በእጅ የምትያዝ ሆነች። ጓደኝነቱ ግን ሰፋ እንጂ አልጠፋም። ሃርቫርድ በ1903፣ ዬል በ1914፣ ሚሺጋን በ1927 ግዙፍ ስታዲዮሞቻቸውን ሲከፍቱ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የታነፀው ይኸው የጓደኝነት ክበብ ነበር። የሚሺጋኑ ስታዲዮም ዛሬ 107,601 ሰው እንዲይዝ ተደርጓል፤ ከተማዋ ራሷ ያላት ሕዝብ ከዚህ እምብዛም አይበልጥም።

እንግዲህ በዚያች ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ እንበል። የሚቀመጡበትን ስፍራ ከአባታቸው ወርሰዋል። ከፊታቸው የሚቀመጠውን ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጀርባው ያውቁታል፤ ልጁ ስትዳር፣ ሚስቱ ስትሞት በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰምተዋል። ጠዋት ከመኪኖቻቸው ኋላ ምድጃ ዘርግተው ሥጋ ከሚጠብሱት ጋር ይበላሉ፤ ያልጠራቸው የለም፣ ያልጠሩትም የለም። እኚህ ሰው ጨዋታ ለማየት ብቻ ነው የመጡት ማለት፣ ለቅሶ ቤት የሄደው ሰው ንፍሮ ለመብላት ነው የሄደው እንደ ማለት ነው። ትኬት የገዙ ይመስላሉ፤ በራሳቸው ዘንድ ግን የቤቱ ልጅ ናቸው።

የቤቱን ልጅ ደንበኛ ያደረገው ታሪክ ረጅም ነው። በ1951 ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለው የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር፣ ቴሌቪዥን ስታዲዮሙን ባዶ ያስቀራል ብሎ ስለ ፈራ በቴሌቪዥን የሚተላለፉትን ጨዋታዎች በጥብቅ ወሰነ። ፍርሃቱ ከሰባ ዓመት በላይ አስቀድሞ መታየቱን ልብ ማለት ይገባል። ወሰኑን የጣሰው ፍርድ ቤት ነው። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በሰባት ድምፅ ለሁለት ወሰኑ ነፃ የገበያ ውድድርን የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ኋይት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተሰልፈው ስመ ጥር የነበሩ ተጫዋች። የዩኒቨርሲቲ ስፖርት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ሊመዘን አይገባውም የሚል ነበር የክርክራቸው መንፈስ። በሕግ ረገድ አብዛኞቹ ዳኞች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሜዳውን ከውስጥ የሚያውቀው ሰው በተቃዋሚው ወገን መገኘቱ ግን እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ጎረፈ። ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ማኅበር ብቻ በ2022 ከሦስት የቴሌቪዥን ድርጅቶች ጋር የተፈራረመው ውል በሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝ ነው። ከፋይ ደግሞ አዛዥ ነው። ጨዋታው በቀትር ይሁን በምሽት የሚቆርጠው ቴሌቪዥኑ ሆነ፤ ውሳኔውም ብዙውን ጊዜ 12 ቀን፣ አልፎ አልፎም 6 ቀን ብቻ ሲቀረው ይነገራል። አራት ሰዓት መኪና ነድቶ ከልጆቹ ጋር ለመምጣት ያሰበ ገበሬ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤቱ ይግባ አይግባ ሳያውቅ ትኬት እንዲቆርጥ ይጠየቃል። የአዛውንቱም መቀመጫ ቢሆን ከትኬቱ ዋጋ በላይ «ስጦታ» የሚባል ክፍያ ተጨምሮበታል፤ ሳይሰጡት የማይቀር ስጦታ።

በሚሺጋን የደረሰው ነገር ለዚህ ሁሉ ማሳያ ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ዴቭ ብራንደን ቀደም ሲል የአንድ ታላቅ የፒዛ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በ2013 የተማሪዎቹ ትኬት ዋጋ ጨመረ፤ በዕድሜና በክፍል ደረጃ ይሰጥ የነበረው መቀመጫም ቀርቶ ቀድሞ ለመጣ እንዲሆን ተደረገ። ዓላማው ተማሪው በጊዜ ገብቶ ወንበሩን እንዲሞላ ነበር፤ ባዶ ወንበር በቴሌቪዥን አያምርምና። ነገር ግን አራት ዓመት ጠብቆ ወደ ፊተኛው ረድፍ የደረሰው ተማሪ፣ ያ ሁሉ መጠበቁ ምንም እንዳልሆነ በአንድ ደብዳቤ ተነገረው። በዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትኬታቸውን ሳያድሱ ቀሩ። በመስከረም 2014 ሁለት ጠርሙስ ኮካ ኮላ ለገዛ ሰው ሁለት የስታዲዮም ትኬት በነፃ የሚሰጥበት ማስታወቂያ በከተማው ታየ። አባቱ ያወረሰውን መቀመጫ በስንት ገንዘብ የሚያቆይ ሰው ያንን ማስታወቂያ ሲያነብ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ወደ ሜዳ ተመልሶ እንዲጫወት መደረጉ ቁጣውን አቀጣጠለው፤ ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ። ኃላፊውም በጥቅምት 31 ቀን ሥራቸውን ለቀቁ፤ በተከታዩ ዓመት የተማሪው ትኬት ዋጋ ቀነሰ። በእነዚያ ወራት ሁሉ የተነገረው የተመልካች ቁጥር አንድ ጊዜም ከመቶ ሺህ በታች አልወረደም።

በአላባማ ደግሞ ቡድኑ እያሸነፈም ተማሪዎቹ ጨዋታው ሳያልቅ እየወጡ አስቸገሩ። በ2019 የተገኘው መድኃኒት፣ ተማሪው የት እንዳለ በእጅ ስልኩ አማካይነት እየተከታተሉ እስከ መጨረሻው ለቆየው ነጥብ መስጠት ነበር። ትዕይንቱ አልያዘው ያለውን ሰው ስልኩ እንዲይዘው ተፈለገ። አስተዳዳሪዎቹ ስልኩን ይከሱት እንደ ነበር ያስታውሷል?

ከሁሉ የከፋው ግን የባላንጣነት መፍረስ ነው። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲና የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ግዛት የሚገኙ ጎረቤቶች ናቸው። አንድ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ማዕድ እየተሰዳደበ የሚበላበት ይህ ግጥሚያ ከ1910 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቋረጥ ተካሂዷል፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶች እንኳ አላስቆሙትም። በኅዳር 4 ቀን 2023 ኦክላሆማ ስቴት 27 ለ 24 አሸነፈና ቆመ። ኦክላሆማ የበለጠ ገንዘብ ወዳለበት ማኅበር ስለ ተዛወረ ቀጣይ ቀጠሮ አልተያዘለትም። በ2024 በካሊፎርኒያ የሚገኙት ስታንፎርድና በርክሊ፣ ስሙ «የአትላንቲክ ዳርቻ» የሆነውን ማኅበር ተቀላቀሉ፤ የሚኖሩት በፓስፊክ ዳርቻ ነው። የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች በኒው ጀርሲ ካለው ከሩትገርስ ጋር በአንድ ማኅበር ተመደቡ። ለቴሌቪዥን ካርታው አንድ ገጽ ነው። በመኪና ተነሥቶ ቡድኑን ይከተል ለነበረው ሰው ግን አህጉር ማቋረጥ ሆነበት። ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሊጠላ አይችልም፤ ካልጠላ በብርድ ተቀምጦ አይጮኽም። ይህን የማኅበራቱ መሪዎች ጨርሶ የማያውቁት አይደለም። ከ2011 በኋላ ተቋርጦ የነበረው የቴክሳስና የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ግጥሚያ በ2024 ሲመለስ ስታዲዮሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር።

ጥፋቱን በተጫዋቾቹ ላይ የሚያላክኩ አሉ። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ከስማቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው፤ በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ በቀጥታ ሊከፍሏቸው ቻሉ። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለውጡም ተመልካቹ ስማቸውን ለምዶ ሳይጨርስ ይሄዳሉ፤ ይህ ቅሬታ እውነት አለው። ግን አሠልጣኙ በሚሊዮን ሲከፈለው፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጎረቤቱን ትቶ ወደ ሚከፍለው ሲሄድ ዝም ያለ ሰው፣ አጥንቱን የሚሰብረው የሃያ ዓመት ልጅ ድርሻውን ሲጠይቅ ስለ ታማኝነት ሊሰብክ መነሣቱ አያምርበትም።

ሕዝቡ መሰብሰብን ጠልቶ እንደሆነ ግን ኔብራስካ መልስ ሰጥታለች። በነሐሴ 30 ቀን 2023 የዚያች ግዛት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑን ከጠባቡ አዳራሽ አውጥቶ በፉትቦሉ ስታዲዮም መካከል አጫወተ። ተጋጣሚው ከዚያው ግዛት የመጣ የኦማሃ ቡድን ነበር፤ ኔብራስካ 3 ለ 0 እንደሚያሸንፍ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እንዲያውም እንዲሁ ሆነ። ይሁንና 92,003 ሰው መጣ። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ። ከላይኛው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ኳሷን እንኳ በቅጡ አያያትም ነበር፤ ቤቱ ቢሆን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በደንብ ባያት ነበር።

በአን አርበር ያሉት አዛውንት መቀመጫቸውን ሳያድሱ ቀርተዋል እንበል። ቅዳሜ ግን እግራቸው እንደ ልማዱ ይወስዳቸዋል። ከስታዲዮሙ ማዶ፣ መኪና በሚቆምበት የጎልፍ ሜዳ ሣር ላይ፣ የመኪናቸውን በር ከፍተው ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጩኸቱ መጀመሪያ ከግንቡ በላይ ተነሥቶ ይደርሳቸዋል፤ ምን እንደ ሆነ ሬዲዮው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይነግራቸዋል። በዚያች ጥቂት ሰከንድ ውስጥ በጩኸቱ ዓይነት ብቻ ማን ምን እንዳደረገ ይገምታሉ፤ ብዙውን ጊዜም አይስቱም። ድንገት ከግንቡ በላይ ጸጥ ይላል። ሬዲዮውም ትረካውን አቋርጦ ስለ መኪና ጎማ ማውራት ይጀምራል። አዛውንቱ ድምፁን ዝቅ ያደርጉና ከፔርሙሱ ቡናቸውን ይቀዳሉ።