አብሽር የተባለ ውሻ

አማርኛችን ለብዙ ፍጡር ቸር ነው፤ ለውሻ ግን ክፉ ነው። ሰውን ለማዋረድ ስንሻ «ውሻ» ከማለት የቀረበ ቃል አናገኝም። ፖለቲከኞቻችንም ይህንኑ ወርሰው፣ ተቺን ማጣጣል ሲፈልጉ «ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹ ይጓዛሉ» ይሉናል (ግመሎቹ ወዴት እንደሚጓዙ ግን ነግረውን አያውቁም!)። የጋራ ቤት ሲላላም «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንላለን። ጥፋቱ የውሻው ነው፤ አጥሩን ሳያጠብቅ የተኛው ባለቤት በተረቱ ውስጥ የለም። እንግዲህ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ከምጽፈው ለአንድ ቀን ወጥቼ ስለ አንድ ውሻ ብጽፍ አንባቢ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አለኝ።

ውሻው የመርሳ ነው። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመርሳ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ማንጎና ፓፓያ ከሚሸጡት እናቶች አጠገብ፣ የኋላ እግሩን ባጃጅ የገጨው አንድ ቡላ ውሻ ተኝቶ አየሁ። አንዲት ሻጭ የእንጀራ ቁራሽ እየጣሉለት ሰንብተዋል። «ይውሰዱት ጋሼ፣ እዚህ ከዋለ መኪና ይጨርሰዋል» አሉኝ። በጆንያ ጠቅልለን፣ በሲሪንቃ በኩል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ወልዲያ አስገባነው። በከተማችን የተጣሉ እንስሳትን የሚቀበል ቤት የለም፤ ውሻ የሚድነው አንድ ሰው መኪናውን ካቆመ ብቻ ነው።

ስሙን ያወጣችው ልጄ ናት። «አብሽር» አለችው። የወሎን ሰው ለማያውቅ፣ አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ቢሆንም በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም ሐዘንተኛን የሚያጽናናበት የጋራ ሀብት ነው። ስሙ ግን ችግር አለው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሐጂ በአጥሩ በኩል የኑሮ ውድነትን ሳማርርላቸው «አብሽር ልጄ» ቢሉኝ፣ ውሻው ጭራውን እየወዘወዘ ሄደላቸው። ሐጂ ሁለት እርምጃ አፈገፈጉ። የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ሊታጠብ ይገባል። ሆኖም ወዲያው ስለ ዋሻው ሰዎችና በደጃፉ ስለ ተኛው ውሻቸው አጫወቱኝ። «ግቢ ለመጠበቅ ከሆነ አይከፋም፤ ዕቃ ብቻ አታስልሰው» ብለው ፈረዱ። በእኛም ወገን ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይባረራል፤ የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ግን ባለጸጋው አልነበረም፣ ውሾች ናቸው።

አዲስ ውሻን ቤት ማልመድ የራሱ ሥርዓት አለው። ባለሙያዎች በግምት ሦስት ቀን ለድንጋጤ፣ ሦስት ሳምንት ለመላመድ፣ ሦስት ወር ለመተማመን ይሰጡታል። አብሽር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አልወጣም። ልጆቹ እንዳይከቡት፣ ዓይኑን ትክ ብለው እንዳያዩት፣ ምግቡን በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ብቻ እንዲያስቀምጡ አዘዝን። ወጣችንም ለእሱ አይሆንም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ያለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ ደግሞ በእኛ ቤት የለም። ከዚህ የሚብሰው የበዓል ልማዳችን ነው። በግ አርደን በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስናይ፣ ቆርጠን በአጥር ላይ ለውሻ እንወረውራለን። ያ ከረጢት የትል እጭ የያዘ ነው፤ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ በእጅና በአትክልት ወደ እኛ ተመልሶ በራሳችን ጉበት ላይ ከረጢት ይቋጥራል። ከዚያ በሽታው የውሻው ነው እንላለን!

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ውሻውን ትቶ ተሰደደ። የቀረውም አንዳንዱ፣ ጩኸቱ ታጣቂ እንዳይጠራ ሲል የገዛ ውሻውን መግደሉን ከጎረቤቶቼ ሰምቻለሁ። ስንመለስ መንገዱን በመንጋ የሚዞሩ፣ ሰው የሚፈሩና የሚያስፈሩ ውሾች ጠበቁን። ዩኒቨርሲቲው ሲዘረፍ፣ ሆስፒታሉ ሲዘረፍ፣ የውሻ ክትባት ማን ያስታውሳል?

ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን አንድ ልጅ ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ነከሰውና ጠፋ። እናቱ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግማ ማጠቧ ትልቅ ነገር ነበር፤ አሥራ አምስት ደቂቃ መታጠብ ከሕክምናው እኩሌታ ነው ማለት ይቻላል። የሄደችበት ጤና ተቋም ግን ክትባቱ አልቆበት ነበር። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ፣ መኪና ተከራይቶ ሌላ ከተማ ተወሰደ፤ ልጁ ደኅና ነው። ሉዊ ፓስተር የዘጠኝ ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን ከተከተበ ከእ.ኤ.አ. 1885 ወዲህ ይህ ሞት ሊቀር የሚችል ሞት ነው። ሆኖም ምልክቱ ከታየ መድኃኒት የለውም፤ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙም የሚያዘው ከውሻ ነው።

በማግስቱ የሰፈር ስብሰባ ተጠራ፤ የቀረበውም ሐሳብ አንድ ነበር፦ መርዝ ይበተን። የተናገሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የልጅ አባቶች ናቸው። ያልኳቸው ይህን ነው። መርዝ የውሻውን ቦታ ባዶ ያደርጋል፣ ባዶውን ቦታ ከሌላ መንደር የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይሞላዋል። ከመቶ ሰባው ውሻ በየጊዜው ከተከተበ ግን በሽታው የሚሻገርበት ድልድይ ይሰበራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። በባሌ ተራሮች ከውሻ የተሻገረው ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል፤ በእኛም ሰሜን ወሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፣ ከዓለም የቀሩት ጥቂቶቹ ቀበሮዎች አሉ። (የማንወደውን ሁሉ አጥፍተን ስንጨርስ ሰላም ይመጣል የሚለው ስሌት በሌላም ጉዳይ የለመድነው ስለሆነ እዚህ ላይ አላብራራውም።)

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ፣ ባለቤት ያለው ውሻ ቀን ቀን እንዲታሰር፣ ገንዘብም ተዋጥቶ የእንስሳት ሐኪም እንዲጠራ ተስማማን። የመንገዶቹን ማን ይያዛቸው የሚለው ግን ሳይወሰን አደረ፤ እስካሁንም አልተወሰነም።

ሐኪሙ በእሑድ ጠዋት የክትባት ሳጥኑን በበረዶ ይዞ መጣ። አርባ አንድ ውሻ ተሰለፈ። አብሽር እያነከሰ ሦስተኛ ቆመ። ሐጂም የግቢያቸውን ጠባቂ በረጅም ገመድ፣ ሦስት ክንድ ያህል ርቀው እየጎተቱ ብቅ አሉ። ሐኪሙ ካርዱን አውጥቶ «ስሙ ማን ነው?» ቢላቸው፣ «ውሻ ነዋ! ውሻ ደግሞ ስም አለው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወደ አብሽር አየት አድርገው ጥቂት አሰቡ።

«ሰብር በለው» አሉት።

ሐኪሙም ጻፈ፤ ስም፦ ሰብር፤ ቀለም፦ ጥቁር፤ ቀጣይ ክትባት፦ ከአንድ ዓመት በኋላ።