ስለ ሰንጢ፣ ስለ ባለ እጅና ስለ ኪሳችን

ሰንጢ ብለን ስንጀምር አንዳንዱ አንባቢ ፊቱን እንደሚያጨማድድ እናውቃለን። በአማርኛችን ይህ ቃል መልካም ስም የለውም። ቢላዋ የእናት ነው፤ ካራ የባላገርና የሥጋ ቤት ነው፤ ጎራዴ የአርበኛ ነው፤ ሰንጢ ግን የዱርዬ ነው። «ሰንጢ አወጣበት» ከተባለ ወዲያ ወሬው የት እንደሚያልቅ ማንም ያውቀዋል። ታዲያ እኛ በዴንቨር ከተማ ዙሪያ የምንማር አራት ኢትዮጵያውያን፣ ዱርዬነት ከቶ የማይሆንልን ሰዎች፣ ሰንጢ ሰብሳቢዎች ሆነን ተገኘን። ለምን ቢሉ፣ እነሆ እንናገራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ያመጣው ጉርብትና ነው። ከዴንቨር በስተምዕራብ፣ በተራሮቹ ግርጌ፣ ጎልደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስፓይደርኮ የተባለው የሰንጢ ድርጅት መቀመጫው እዚያ ነው። ድርጅቱን የመሠረቱት ሳል ግሌሰርና ባለቤቱ ጌል ስለት ከመሸጣቸው በፊት መሳያ ነበር የሚሸጡት። በ1981 የመጀመሪያውን ሰንጢ ሲያወጡ ስሙን «ወርከር» አሉት፤ ሠራተኛ ማለት ነው። ይህ ሰንጢ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛ፣ ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ነበረው፤ አውራ ጣት ቀዳዳው ላይ አርፎ ሲገፋው ሰንጢው በአንድ እጅ ይከፈታል። ሁለተኛ፣ እጀታው ላይ የብረት ማንጠልጠያ ነበረው፤ ሰንጢው ከኪስ ግርጌ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ከመንከባለል ድኖ ኪስ ከንፈር ላይ ተሰክቶ ይቆማል።

ይኸ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰንጢ ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር። አንዱ እጅ እጀታውን ይይዛል፤ የሌላው እጅ ጥፍር ስለቱ ላይ ካለችው ጭረት ገብቶ ይስባል። መሰላል ላይ የወጣ ሰው፣ ገመድ የያዘ መርከበኛ፣ የከብት አንገት ያነቀ እረኛ ሁለተኛ እጅ ከየት ያመጣል? ቀዳዳዋ ለእርሱ የተበሳች ናት። ይህን አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰንጢ ከቢላዋ የሚለየው በመታጠፉ ነው፤ ደካማ ጎኑም ይኸው መታጠፉ ነው። በሥራ መካከል ድንገት ከታጠፈ የሚቆርጠው የባለቤቱን ጣት ነው። ስለዚህ የሰንጢ ታሪክ ከግማሽ በላይ የመቆለፊያ ታሪክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የጥንቱ ሰንጢ ጀርባው ላይ ባለ ሞላ ብቻ ይደገፍ ነበር። በፈረንሳይ፣ በሳቭዋ ተራሮች፣ ጆዜፍ ኦፒኔል በ1890 የጀመረው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ በ1955 የምትዞር የብረት ቀለበት ተጨመረችለት፤ ቀለበቷ ስትዞር ስለቱ ይቆለፋል፤ በቃ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ባለ እጅ ከእጀታው ውስጥ ያለችውን ስስ የብረት ገበር ራሷን ሞላ አደረጋት፤ ስለቱ ሲከፈት ገበሯ ተፈናጥራ ከኋላው ትገባና ትደግፈዋለች። ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የመጣው ክሪስ ሪቭ ደግሞ «ገበሩስ ለምን አስፈለገ?» ያለ ይመስላል፤ የቲታኒየሙን እጀታ ራሱን ሰንጥቆ መቆለፊያ አደረገው። ሰንጢውን የጨበጠ እጅ ቁልፉንም አብሮ ይጨብጣል፤ ባጠበቀ ቁጥር ቁልፉ ይጠብቃል። የሰንጢው ስም «ሰበንዛ» ነው። በዙሉ ቋንቋ መሥራት ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱ ትልልቅ ስሞች፣ ወርከርና ሰበንዛ፣ አንዱ ሠራተኛ ሌላው ሥራ ናቸው።

ከመካከላችን ሜካኒካል ምህንድስና የሚያጠናው ልጅ (እኛ «ኢንጂነሩ» እንለዋለን) የሚወደው ስለ ብረቱ ማውራት ነው። አረብ ብረት ካርቦን ሲበዛበት ይጠነክራል፤ ክሮሚየም ሲገባበት ዝገት ይፈራዋል፤ ቫናዲየም ሲገባበት ስለቱ ሳይዶለዱም ብዙ ይቆያል። ችግሩ ግን ይህን ሁሉ አቅልጦ በወጉ ሲያቀዘቅዙት በውስጡ የሚፈጠሩት ጠጣር ቅንጣቶች እንደ ደህና ያልታሸ ሊጥ ይጓጉላሉ። ስለዚህ የቀለጠውን ብረት በጋዝ ረጭተው ዱቄት ያደርጉታል፤ ዱቄቱን መልሰው በሙቀትና በከባድ ግፊት ያጋግሩታል። ያን ጊዜ ቅንጣቱ ደቃቅና እኩል ይሆናል። በ2001 በዚህ መንገድ ለሰንጢ ተብሎ የወጣው ኤስ 30 ቪ የተባለው ብረት 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም፣ 2 በመቶ ሞሊብዲነም አለበት። ኢንጂነሩ ይህን ቁጥር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይደግመዋል። እኛም እንስቃለን፤ ግን እንሰማዋለን።

ከሁሉ የመሰጠን ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ አገር ሰንጢ የሚሠራ ሰው ስሙን ስለቱ ላይ ይቀርጻል። ገዢው ተራ ይይዝለታል፤ በትርኢት ላይ አግኝቶ እጁን ሲጨብጠው ደስ ይለዋል። እኛ ያደግንበትን አገር አስቡት። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ምን ብለን ጠራነው? ቡዳ አልነው። በማረሻው አረስን፣ በማጭዱ አጨድን፣ በካራው ቁርጥ በላን፤ ልጁን ግን ለልጃችን አንሰጥም አልን፤ ከገበያ ሲመጣ ሕፃናትን ከዓይኑ ሸሸግን። አፄ ምኒልክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን ዘለቀው። ከእኛ አንዱ «ሰንጢ መሰብሰብ የጀመርኩት በምርቱ ተስቤ ነው፤ የቀጠልኩበት ግን በሀፍረት ነው» ይላል። ማንም አልተቃወመውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በወር መቶ መቶ ዶላር የምንጥልበት እቁብ አለን። ዕጣው የወጣለት ሰው አራት መቶውን እንደ ወደደ ያደርገዋል። ባለፈው ዓመት አንዱ ጥቂት ጨምሮበት ሰበንዛ ገዛ። ያን ዕለት ማታ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አልበረደም። አንደኛው ወገን «ሃያ ዶላር በማይሞላ ኦፒኔል የሚቆረጥ ዳቦ በአራት መቶ ዶላር ሰንጢ ቢቆረጥ አይጣፍጥም፤ ይህ ገንዘብ አገር ቤት ምን ያደርግ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን» አለ። ሁለተኛው «ጥሩ ሥራን ማክበር ቅንጦት ነው ካልን፣ ባለ እጁን ከናቁት በምን ተለየን?» ብሎ መለሰ። ከሁለቱም እውነት አለ። የኢኮኖሚ ተማሪው ግን ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ዕቃ የመጠቀሚያ ዋጋና የመለዋወጫ ዋጋ አለው አለ። ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው «የካዝና ንግሥት» ብለው የሚቀልዱበት ሰንጢ አለ፤ ከሳጥኑ አይወጣም፣ ገመድ አይቆርጥም፣ ጭረት ከነካው ዋጋው ይወርዳልና። ስሙ ሥራ የተባለ ሰንጢ አንድ ቀን ሳይሠራ ይኖራል፤ ባልሠራ ቁጥር ይወደዳል። «ችግሩ አራት መቶው አይደለም፤ ችግሩ ሰንጢው ሥራ ፈት ሲሆን ነው» ብሎ ጨረሰ። ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ ሰንጢ የገዛ ሁሉ ሽንኩርት ይክተፍበት። ያ ሰበንዛ ዛሬ እጀታው ተጫጭሯል፤ የቅዳሜ ጥብሳችንን ሥጋ የሚቆርጠው እርሱ ነው።

እስካሁን ያወራነው የቤት ውስጥ ነው። ከበሩ ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል።

ለሠራተኛው የተበሳችውን ቀዳዳ አንባቢ አልረሳትም ይሆናል። ሕግ ያችን ቀዳዳ በሌላ ዓይን ነው የሚያያት። በጀርመን ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት ተከልክሏል። በእንግሊዝ በ1988ቱ ሕግ መሠረት ያለ ምክንያት በኪስ ሊያዝ የሚችለው ስለቱ ከ3 ኢንች (7.62 ሳንቲ ሜትር) የማይበልጥና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ለጣት ደኅንነት የተጨመረው ቁልፍ ለሕጉ የአደጋ ምልክት ሆነ ማለት ነው። እኛ ባለንበት በኮሎራዶ ሰውሮ መያዝ የሚያስጠይቀው ስለቱ ከ3.5 ኢንች ሲበልጥ ነው፤ የየዩኒቨርሲቲው ደንብ ደግሞ ለብቻው ነው። ይህ ሁሉ ቢያንስ በቁጥር የተጻፈ ነው፤ መስፈሪያ ይዞ ይለካል። የማይለካው የፖሊሱ ዓይን ነው።

በኒውዮርክ አንድ አሮጌ ሕግ ነበር፤ በስበት ወይም በእጅ ውርወራ የሚከፈትን ሰንጢ ይከለክላል። ፖሊስ የሰውየውን ሰንጢ ተቀብሎ አንጓውን እያርገበገበ ይሞክረዋል፤ ከተከፈተለት ሰውየው ወንጀለኛ ነው። ሰንጢው ግን ከተራ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ፣ ካርቶን የሚቀድ ነው። ሕጉ በግንቦት 2019 እስኪሻር ድረስ በዚህ ከተያዙት አብዛኞቹ ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ነበሩ። በባልቲሞር ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ፖሊሶች ፍሬዲ ግሬይ የተባለውን የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት ሲያያቸው ሮጠ ብለው አሳደዱት፤ ያዙት፤ ኪሱ ውስጥ ሰንጢ ተገኘ፤ የእስሩ ምክንያት እርሱ ሆነ። በፖሊስ መኪና ውስጥ አከርካሪው ተጎድቶ በሳምንቱ ሞተ። ዐቃቤ ሕጓ ሰንጢው በሕግ የተፈቀደ ነው አለች፤ የፖሊሶቹ ወገን የተከለከለ ዓይነት ነው አለ። ከተከሰሱት ስድስት ፖሊሶች አንድም አልተፈረደበትም። ያ ሰንጢ በአንድ ነጭ ጡረተኛ ኪስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ «የጨዋ ሰው ሰንጢ» ይባል ነበር። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ነጋዴዎቹ ለስስ ሰንጢ የሰጡት ስም ነው።

ከእኛም አንዱ አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ተይዞ ቆሟል። የየትኛው ከተማ ፖሊስ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ያዩት ማንጠልጠያዋን ነበር፤ ኪሱ ከንፈር ላይ የምታበራውን። «ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ሲሉት እጁን ወደ ኪሱ አልላከም። ያን ጊዜ እጅ ወደ ኪስ መላክ ምን እንደሚያመጣ እዚህ የኖረ ጥቁር ሁሉ ያውቃል። ሁለት እጁን መኪናው ላይ ዘርግቶ «ሰንጢ ነው፤ ካርቶን እቆርጥበታለሁ» አለ። ስለቱን ለኩት፤ ከተፈቀደው በታች ሆነ፤ መለሱለትና ሄዱ። ቤት ሲገባ አልተናገረም። ሰንጢውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ውሃ ጠጣ፤ ብርጭቆው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅነው።

በዚያው ሳምንት እናቱ በስልክ ሲያወሩት ሰንጢዎቹን ከኋላው ተደርድረው አዩ። «ልጄ፣ ማን ሊነካህ ነው?» አሉት። «ማንም እማዬ፤ ለሥራ ነው» አላቸው። «እንግዲያው ሥራ ቦታ ተወው፤ መንገድ ላይ አትያዘው» አሉ። የሕግ መጽሐፍ አላነበቡም፤ ኮሎራዶንም አያውቁም። ነገር ግን እኛ አራታችን ስድስት ወር ስንከራከርበት የከረምነውን በአንድ አፍ ፈረዱት።

ኢንጂነሩ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም። «መብቴ ከሆነ እይዘዋለሁ፤ የምንተወው ሁሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ ነገ ደግሞ ኮፍያውን ተው ይሉናል» ይላል። ስህተት ነው አንለውም። ሦስታችን ደግሞ መብት ብሎ ነገር መንገድ ላይ በሌሊት ከፖሊስ ጋር የሚፈተሽ ከሆነ ፈተናው የሰንጢ አይደለም፤ የነፍስ ነው እንላለን። ስለዚህ ሦስታችን ሰንጢያችንን ቤት ትተን እንወጣለን፤ እርሱ ይዞ ይወጣል፤ ማታ ካልገባ ሦስታችንም አንተኛም። በሩ ሲንኳኳ ማንም ምንም አይልም፤ ራቱ ይቀርባል።

ጽሑፋችንን ያነበባችሁ ጓደኞቻችን ሰንጢ ግዙ አላልናችሁም፤ ያዙ ወይም ተዉ ብለንም አልፈረድንም። የዕቃውን ጥበብ የሚወድ ሰው የሠሪውን ክብር አብሮ እንዲወድ፣ ደግሞም ያው ዕቃ በማን ኪስ ውስጥ ሲገኝ ማን ምን እንደሚለው ቆም ብሎ እንዲያይ ነው የፈለግነው። ከዚህ የተረፈው ተግባር ነው። ከጎልደን የገዛነው የሴራሚክ መሳያ ቤታችን ውስጥ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። የወጥ ቤት ቢላዋው የዶለዶመበት ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይምጣ፤ ቡናው ይፈላል፤ በነጻ እንስላለን።