ልጄና “ድንበር” የተባለው ሕመም

ሐኪሟ የሕመሙን ስም ስትጠራ በስልክ የነበረው አስተርጓሚ “የድንበር ላይ የባሕርይ ችግር” አለኝ። ድንበር ሲል የወረቀት ጉዳይ መሰለኝ። “እኛ እኮ በዲቪ ነው የመጣነው” ብዬ መለስኩ። ልጄ ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቀች። (ይህን የምጽፈው እሷ ጻፊው ስላለችኝ ነው።)

እንግሊዝኛው ቦርደርላይን ነው። ድሮ ሐኪሞች በሁለት ዓይነት የአእምሮ ሕመም መካከል ያለ መስሏቸው ያወጡት ስም ነው፤ ስሙ እንደዚያው ቀረ።

እኔ እዚህ ኮሎምበስ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ነው የምሠራው። ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ጠዋት “እማዬ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ” ብላ ታቅፈኛለች፤ ማታ ስልኳን ሳላነሳ ከቀረሁ “ድሮም አትወጂኝም” ትለኛለች። ጓደኛዋ መልስ ካዘገየች ጓደኝነቱ አበቃ ማለት ነው። እኔ ቅብጠት ነው እል ነበር። ክንዷን መጉዳቷን ሳይ ደነገጥኩ።

መጀመሪያ ሆስፒታል የሄድን ቀን ያስተረጎመልኝ የ11 ዓመት ወንድሟ ነው። የእህቱን ጉድ ሁሉ በእሱ አፍ ሰማሁ። አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት እንዳለኝ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እናንተ ጠይቁ።

ለዚህ ሕመም ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም፤ ዋናው ሕክምና ንግግርና ልምምድ ነው። የልጄ ሕክምና ዲቢቲ ይባላል። የፈጠረችው ማርሻ ሊንሃን የምትባል የሲያትል የሥነ ልቦና ምሁር ናት፤ መጽሐፏ በ1993 ወጣ። በ2011 ደግሞ እሷ ራሷ በ17 ዓመቷ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር፣ ራሷንም ትጎዳ እንደነበር በአደባባይ ተናገረች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ሌላ ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን ከሐኪሟ ጋር ብቻዋን፣ አንድ ቀን ደግሞ በቡድን ትማራለች። ስሜቷ ሲገነፍልባት ትንፋሿን ይዛ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ትነክራለች፤ የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል። (የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክረው።) ጠበል ልውሰድሽ እያልኩ ስጨቀጭቃት የነበርኩት ሴትዮ፣ በረዶ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ስቆም ራሴም ሳቅኩ።

ለእኔም የቤት ሥራ ተሰጠኝ። “ምንም አልሆንሽም” ማለት አቁሚ ተባልኩ። እሷ ስታለቅስ እኔ ስደቱን፣ ኦቨርታይሙን፣ የእነ እገሌን ልጅ እዘረዝር ነበር። አሁን “ከብዶሻል፣ አይቻለሁ” ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ያለችውን ሁሉ ልክ ነው አልልም፤ ሕመሟን ግን አምናታለሁ። ዝም ማለቱ ከሌሊት ሺፍቱ ይብሳል።

አሁንም ክፉ ቀን አለ። ባለፈው ወር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ “መኖር አልፈልግም” አለችኝ። በ988 ደወልን፤ ከ2022 ጀምሮ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ቁጥር ነው። አስተርጓሚ ጠየቅሁ። ወንድሟ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቶ ነበር። አልቀሰቀስኩትም።